«ሩት» የተባለው እኔ ነበርኩ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ አስካለች ሥራ የጀመሩ ቀን ሰርቨራችን ላይ የአበባ ቫዞ ተቀምጦ ነበር አሉ። ጸሐፊዋ በየጠዋቱ ታጠጣዋለች። እትዬ ቫዞውን አንስተው፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ማሽን እኮ ውሃ አይጠማውም!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ኮሌጅ ያልተቆጡት ሰው የለም። ኮምፒውተራቸውን ሳይቆልፉ ሽንት ቤት እንኳ አይሄዱም። የጻፉትን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ሳያነቡ ኢንተር አይነኩም፤ እዚያ ማዶ ሲግናል ሰፈር ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል።

እኔን ሬድዋንን ሲያሠለጥኑኝ፣ «ሁልጊዜ በራስህ ስም ግባ» ይሉኝ ነበር። «የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲያስፈልግህ ፊቱ ላይ ‹ሱዶ› ብለህ ጽፈህ ለዚያች ለአንዷ ትእዛዝ ብቻ ውሰድ፤ ማን እንዳዘዘ ይመዘገባል። ሩት በሚባለው በማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ ስም ከገባህ ግን ማሽኑ የፈለግከውን ያደርግልሃል፤ ስምህን አያውቅም።»

እኔ ሰለቸኝና ለዲናችን ለአቶ ሀብተወልድ አቤት አልኩ። ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚሁ ፊቴ ስላሉ ነው የምናገረው። «የሩትን የይለፍ ቃል ይስጡት፤ ሥራ አያጓቱ» ብለው በደብዳቤ አዘዟቸው። እትዬ ተከራከሩ፤ ማን ሰምቷቸው!

በሦስተኛው ሳምንት አሮጌ ፋይል አጠፋለሁ ብዬ ፎልደር ተሳሳትኩ። የስድስት ዓመት የተማሪ ውጤት ድራሹ ጠፋ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም «ሩት» ብቻ ነው። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ፣ «ሩት ማለት አስካለች ናት» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም!

እትዬ በያዙት ቅጂ ሁሉንም በሁለት ቀን መለሱት። ምስጋናው ምን ሆነ? የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ! የደረጃ እድገታቸውም ቀረ። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ባለፈው ሳምንት፣ «እኔ መሆኔን እያወቁ ለምን አላጋለጡኝም?» አልኳቸው።

«አንተው እስክትናገር ጠበቅሁ» አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ! ያንገበግበኛል።

ዛሬ ጠዋት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለሰው ሀብት ክፍል አስገብቻለሁ። አቶ ሀብተወልድ፣ የእርስዎንም ደብዳቤ አያይዣለሁ። ያ ማስጠንቀቂያ ከእትዬ ፋይል ወጥቶ የእኔ ውስጥ ይግባ። እሺ ይበሉኝ... ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ! ሁላችሁም አይታችኋል!

እትዬ፣ ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የበደልኩዎት ደግሞ እኔ። ይቅር ይበሉኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ ስልክዎን ዘግተው እንጦጦ ፓርክ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ይንሸራሸሩ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ! ለእትዬ አስካለች ጤና፣ ለረጅም ዕድሜያቸው፣ ለንጹሕ ስማቸው!