የታሰረችው ኳስ

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አቤት፣ ኢንጂነር የወንድሜ ልጅ! ጮክ በይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። … አዎ፣ ሦስተኛው የፍሳሽ ጣቢያ ነኝ። ሌላ የት እገኛለሁ!

— ስብሰባ ላይ? … እሺ፣ ኮሪደር ወጥተሽ ነው። እና ኮሚቴው ምን አለ? የጉድጓዱን ውሃ ከሩቅ መከታተያውን መሣሪያ መረጡ? … ግራጫውን ሳጥን? … ፈረሙ እንዴ? … ገና ነው። ከሻይ በኋላ።

— ለስድስቱም ጣቢያ ግራጫውን? … ቆይ፣ አንዴ ቆዪ ልጄ። … እየሰማሁሽ ነው። እኔ ጣቢያ ሁለቱም በተሞከሩበት ሦስት ሳምንት ሰማያዊው ሳጥን ሃያ ሦስት ጊዜ በውሸት ጮኸ፣ ግራጫው አንድም ጊዜ አልጮኸም። … ሪፖርቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ አውቃለሁ።

— ረጅሙ! አውቶማቲኩን ተወውና ሁለተኛውን ፓምፕ በእጅ አስነሳው! … አንቺን አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያኑን ነው።

— እስቲ ኮምፒውተርሽ ላይ የእኔን ጣቢያ እዪው። … እዪውና ንገሪኝ፣ እጠብቃለሁ። … … ሄሎ? … ግራጫው አረንጓዴ፣ «ደህና» ይላል። ሰማያዊውስ? … ቀይ። ሦስት ሜትር ከአርባ። ይኸውልሽ!

— አልዋሸም! አንደኛው ፓምፕ ጠዋት ጨርቅ ጎርሶ ቆሟል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ እያየሁት ነው፣ ውሃው ያልደረሰበት የመሰላሉ እርከን አራት ብቻ ነው። ሰማያዊው እውነቱን ነው። ሃያ ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን ነበር።

— ግራጫውማ … እንዴት ብዬ ልንገርሽ። … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … አልተበላሸም። ኳሷን አስሬያት ነው።

— ኳሷን ነዋ! ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፍፋ የምትነሳውን፣ አላርሙን የምትጠራውን። በሽቦ ከመሰላሉ ሥር ጠፍሬያታለሁ። ጉድጓዱ ሞልቶ ቢፈስ አትነሳም። … እኔ ነኝ። በዚሁ በእጄ።

— አትጩሂብኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ። … ለምን? የሰማያዊው አላርም እናንተ ቢሮ ነው የሚጮኸው፣ ግራጫው ግን የሚደውለው በእኔ ስልክ ነው። ፓምፑ በዘገየ ቁጥር ኪሪሪሪ! ሳጥኖቹ እንደተተከሉ፣ ቆጠራው ሳይጀመር ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ከቀዶ ጥገና የወጣችበት ሳምንት ነበር። ዓይኗ ከደን ሲል ስልኩ፣ ከደን ሲል ስልኩ … ልዝጋው ብል ሐኪሙ ይደውላል። ለአንድ ቀን ብዬ አሰርኳት።

— አዎ፣ እሷማ ዳነች። እኔ ግን ዝምታው ጣመኝ። እውነቱ ይሄው ነው። ቤቴ ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ሲሞላ ወጥቼ በእጄ አስነሳለሁ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ። ለምርጫው ነጥብ እንደምትሰጡበት መች አሰብኩ! … አዎ፣ ሰማያዊው ሲጮህ ደውለሽ ጠይቀሽኛል። «አጎቴ፣ ጣቢያው ደህና ነው?» አልሽኝ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደህና ነው» አልኩሽ።

— ምን? … ሽቦውን ፈትቼ ዝም ልበል? … ኮሚቴው አያውቅም፤ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ስሚኝ። እኔ ያሰርኳትን ሌሎቹ አያስሯትም? የሁለተኛውና የአምስተኛው ጣቢያ ሰዎች ግራጫው ሊመጣ ነው ሲባል እንዴት እንዳሰርኳት ደውለው ጠይቀውኛል እኮ! ይቅር፣ ሰው ባያስራት ጨርቅ ይይዛታል፣ የወጥ ቤት ቅባት ይይዛታል። ተይዛ ደግሞ «ደህና» ትላለች። ሰማያዊው ኳስ የለውም፣ ውሃውን የሚለካው ከላይ ሆኖ ነው። መሣሪያው ሲገባ እኛ ከየጣቢያው እንነሳለን፣ በዓይኑ የሚያይ ሰው አይኖርም። ከአምስተኛው በታች ያለው የወላዶች ክሊኒክ ነው፣ ልጄ። ፍሳሹ በመጀመሪያ የሚገባው አራሶቹ ክፍል ነው።

— ጡረታዬ? … ሰባት ወር ቀርቶኛል። ሳልቆጥረው ያደርኩበት ቀን ያለ መሰለሽ? … ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። … አታልቅሺ። የአንቺን ነገር ለእኔ ተዪው። ፊትሽን ጥረጊና ግቢ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ስፒከር ላይ አድርጊኝ። … አድርጊኝ አልኩ!

— ረጅሙ፣ ውሃው ወረደ? … ባለበት ነው? አልጨመረም? ጎሽ፣ ከእሱ እንዳትነሳ።

— ጤና ይስጥልኝ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ። … የሦስተኛው ጣቢያ ኦፕሬተር ነኝ። … አዎ፣ ሽማግሌው። ሪፖርቱ ስህተት ነው፣ ጥፋቱ ግን የኢንጂነሯ አይደለም። የግራጫውን ኳስ በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝም ዋሽቻታለሁ። ሰማያዊው … ያስጨርሱኝ ጌታዬ! … ሰማያዊው ሲጮህ ሁልጊዜ ውሃ ነበረ። አሁንም አለ፣ ሰው ልካችሁ እዩት።

— … አዎ፣ አጎቷ ነኝ። እሷ ግን … … አዎ። … ገባኝ። … ከዛሬ ጀምሮ? … ደብዳቤው ይደርሰኛል። እሺ። … ቁልፉን ለተተኪዬ። እሺ ጌታዬ።

— አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ? ፊርማውስ? … ይዘገያል። ተመስገን። … አይ፣ ለራሴ አይደለም። … ተተኪዬ መቼ ይመጣል? … ሰኞ? ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ!

— መከራከሬ አይደለም፣ ጌታዬ። አሰናበታችሁኝ፣ ተሰናበትኩ። እስከ ሰኞ ግን ይሄን ጉድጓድ ማን ያየዋል? … ሄሎ? … እዚያ ያላችሁት፣ ትሰሙኛላችሁ?

— … እንግዲያው እኔው እቆያለሁ። ደመወዝ አልጠየቅኩም፣ ቁልፉን ብቻ እስከ ሰኞ ተዉልኝ። … ልጄ፣ አለሽ? … በርቺ። ልዝጋው፣ ረጅሙ እየጠራኝ ነው።