የዋማን ሎኻንዴ ግድግዳ

ወንድሜ ዋማን ሎኻንዴ ከአባታችን ከጋንፓትና ከእናታችን ከሬኑካ በሳንግሊ ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ጩኸታቸው ባቡር አስቁሟል ይባላል። ባዩ ማነው? እኔ ነኛ! ታላቅ እህታቸው ነኝ፣ ማን ይከራከረኛል? ትምህርት ቤት ገብተው መምህራቸውን ጎሽ ላይ አስቀምጠው ስለሳሉ «ይህን ልጅ ውሰዱልኝ» ተባለ።

ከዚያ ማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኑ። ሳሙናም ሻይም የጥርስ ዱቄትም ሳሉ። በባቡር ሐዲዱ ዳር ደግሞ «ድብቅ በሽታን በአንድ ብልቃጥ እናድናለን» የሚል የአንድ አጭበርባሪ መድኃኒተኛ ማስታወቂያ ጻፉ። የልብ ጓደኛቸው ቢማ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ያንን አምኖ ብልቃጥ ሲጨልጥ፣ ሐኪም ቤት ሳይረግጥ በኤድስ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን የሚችላቸው ጠፋ። ያችኑ የሳሙና ማስታወቂያ ቆንጆ በሸራ ላይ ይስሉና፣ በሳሙናው ፈንታ ኮንዶም ያስይዟታል! ሙምባይ ያሉ ሀብታሞች አጨበጨቡላቸው። እሳቸው ግን «ቢማ የሞተው እዚህ ነው» ብለው ተመለሱና፣ እኔ ዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት የቤቴን ግድግዳ ሳሉበት። ሙሽራና ሙሽሪት ይስቃሉ፤ አንዱ ጥርሳቸው የበር መዝጊያ ያክላል። ከላይ «ከሠርግ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ!» ይላል።

በተመለስኩ ማግስት ልጄን ኩሙዲኒን ለማጨት የወንድ ቤተሰብ አይመጣም መሰላችሁ? የልጁ አባት ያቀረብንላቸውን የሩዝ ቁርስ፣ ፖሄውን፣ ሳይቀምሱ «እመቤት፣ ይህ ቤት ነው ክሊኒክ?» አሉኝ። ልጄ ትሪውን እንደያዘች «ቤት ነው አባባ፤ ግን እውነቱን ነው የተጻፈው። ልጅዎም ይመርመር፣ እኔም እመረመራለሁ» አትልም! ከጥድፊያቸው የተነሳ ጫማ ተለዋውጠው አድርገው ሸሹ።

«አንተ ዋማን፣ ልጄን ቆማ ቀር አደረግካት!» ብዬ ስጮህ፣ ብሩሻቸውን እያጠቡ «እትዬ፣ የሚሸሽ ይሽሽ፤ የሚቆመውን እንጠብቅ» ይሉኛል። ጠበቅን! ፀጉሬ ሸበተ! በመጨረሻ አንድ አስተማሪ መጣ፣ አነበበና «የት ነው የሚመረመሩት?» አለ። አማቼ እሱ ነው፤ ያው እዚያ አንገቱን ደፍቷል።

ግድግዳው ላይ ሰው እበት ሲወረውርበት፣ ዝናብ ሲያጥበው፣ እሳቸው መልሰው ሲቀቡት ኖሩ። በኋላ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ቤት ተኝተው እንኳ «ግድግዳዬን ኖራ ቀቡት እንዴ?» እያሉ ነርሷን አሰለቿት። ትናንት ማለዳ አረፉ።

እናንተ ጎረቤቶቼ ዛሬ ጠዋት «እንግዳ ይመጣል፣ ነውሩ ይሸፈን» ብላችሁ ኖራ በባልዲ ይዛችሁ መጣችሁ። ኖራውን ተቀብያለሁ፤ አልመልስም፤ ጓዳዬን እቀባበታለሁ። ግድግዳውን የነካ ግን ወዮለት! ዝናቡ ሲያባራ ራሴ አድሰዋለሁ። መሳል አልችልም፤ ሙሽራው ቢንሸዋረር ሳቁ፣ ጽሑፉን ግን አንብቡ።

ባለቤታቸው ሻሊኒ፣ ልጄ ኩሙዲኒ፣ አማቼና እኔ ቀርተናል። እሳቸው እኛን አላሳረፉንም፤ ፈጣሪ ግን እሳቸውን ያሳርፍልን።