የክርስቲያኖቹ በግ

(ወሎ፣ ሐርቡ አጠገብ፤ በአባ እብሬ ለቅሶ ቤት፣ የሰደቃው ዕለት። ባለቤታቸው ዘሀራ፣ ባልና ሚስት ያሳደጉትን፣ አሁን ሰባኪ ሆኖ የተመለሰውን ኅሩይን ከድንኳኑ ጎትተው ጓዳ አስገብተውታል።)

ኅሩይ፦ ይችን ሳንቃ ብነቅላት በጀርባ እወጣለሁ። ተይኝ፣ እማ!

ዘሀራ፦ ንቀላትና የሟች ቤት አፍርስ! የቀረህ እሱ ነው።

ኅሩይ፦ በሩ ላይ ልጅሽ ከድር ተቀምጧል። ዓይኑን አላየሽውም? በቁሜ ሊውጠኝ ነው።

ዘሀራ፦ የአባቱ አፈር ሳይደርቅ ድንኳን መሀል ቆመህ «ክርስቶስን ሳያምን የሞተ ተስፋ የለውም» ስትል ምን ያድርግ፣ ይሳምህ?

ኅሩይ፦ ያመንኩትን ነው የተናገርኩት። ዝም ብል ይፈረድብኛል።

ዘሀራ፦ እመን፣ ማን ከለከለህ? ለቅሶ ቤት ግን መጀመሪያ ይለቀሳል። «አላህ ያጥናችሁ» እንኳ ሳትል መጽሐፍህን ገለጥክ።

ኅሩይ፦ እሱ ቃል ካፌ አይወጣልኝም። ሰባኪ ነኝ እኮ! ሰው ምን ይለኛል?

ዘሀራ፦ ወላሂ፣ እብሬ በየዓመቱ «እንኳን ለገና አደረሰህ» ሲልህ ምላሱ አልቆሰለም።

ኅሩይ፦ እማ፣ አታሳቅቂኝ።

ዘሀራ፦ ገና ምኑ ተነካና! በሑዳዴ ወተት ባቀርብልህ «ልጁን ልታስገድፊው ነው? አባቱ ሲሞት ከነሃይማኖቱ ነው አደራ ያለኝ» ብሎ ቤቱን በጩኸት አናጋው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አድርሶህ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ ነበር። ረሳኸው?

ኅሩይ፦ አልረሳሁትም! እሱን እያሰብኩ እኮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። በቁሙ ልነግረው ፈርቼ፣ ዛሬ ነገ ስል ሞተብኝ። አንጀቴ ቢቃጠል ነው የተናገርኩት።

ዘሀራ፦ ለሱ ያልደፈርከውን ለኔ ደፈርክ፣ በል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ።

ኅሩይ፦ እሺ፣ ልሂድልሽ። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እግሬ አይረግጥም።

ዘሀራ፦ መሄድማ አትችልም። ደጅ ያለውን በግ አላየህም?

ኅሩይ፦ በጉ ደግሞ ምን አደረገ?

ዘሀራ፦ ለሰደቃው በሬ ታርዶ እስላሙ እየበላ ነው። እነ አቶ መኩሪያ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በጉ የነሱ ነው።

ኅሩይ፦ ታዲያ አቶ መኩሪያ በስመ አብ ብለው አያርዱትም?

ዘሀራ፦ ቢላውን አንሥተው ነበር፤ የሟችን ቃል ሲሰሙ መልሰው አስቀመጡት።

ኅሩይ፦ የምን ቃል?

ዘሀራ፦ እብሬ ነፍሱ ልትወጣ ስትል «የክርስቲያኖቹን ኅሩይ ይረድላቸው። የኔ ልጅ እያለ እንግዳዬ ጦሙን አይሄድም» አለ።

ኅሩይ፦ ያ ረቢ!

ዘሀራ፦ አየህ? ሲጨንቅህ ወጣልህ።

ኅሩይ፦ አትቀልጂብኝ፣ እማ! ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት ነው የሆነብኝ። ልረድ ብል፣ በምን ፊቴ? እምቢ ብል…

ዘሀራ፦ እምቢ ብትል አደራ በላ ትባላለህ። እኔም አላስጥልህም።

ኅሩይ፦ ሌላውስ ይሁን፣ ከድርን እንዴት አልፈዋለሁ? ከበሩ ንቅንቅ አላለም!

ዘሀራ፦ ሊመታህ የተቀመጠ መሰለህ? እጁን ባየህ ኖሮ! የበጉን ገመድ ይዞ ነው።

ኅሩይ፦ ከድር? ለኔ?

ዘሀራ፦ ተናዷል፤ ከተናገርክ ወዲህ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ሰው «ልቀቀው፣ ይቅር» ቢለው «አባቴ ለወንድሜ ያዝለት ብሎኛል» አለ።

ኅሩይ፦ ወንድሜ አለ?

ዘሀራ፦ እንደዚያ አለ።

ኅሩይ፦ …እማ።

ዘሀራ፦ አቤት።

ኅሩይ፦ አላህ ያጥናሽ።

ዘሀራ፦ አሜን። አሁን ለቅሶ ደረስክ። እንካ ቢላውን፤ ወንድምህ እጁ ዝሏል።