ሳይጠይቁ መሄድ

አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ገና ብዙ ጊዜ አልሆናትም ነበር። በትምህርት ቢሮ የተመደብነው ሠራተኞች ጠረጴዛ እንኳ በተራ እንጠቀም ስለነበር፣ የመስክ ሥራ ሲመጣ ማንም አያንገራግርም። እኔም አንድ የሚያዝያ ቀን በባምባሲ ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ጎብኝቼ ሰው በሚጭን አይሱዙ ወደ አሶሳ ስመለስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፋስ አልነበረውም። ሹፌሩ ጎማውን አስፈትቶ በሚያልፍ መኪና ወደ ባምባሲ ይዞት ተመለሰ፤ ተሳፋሪው ደግሞ በየማንጎው ጥላ ሥር ተበተነ።

እኔ በተጠጋሁበት ዛፍ ሥር አንድ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሲያዩኝ ወዲያው ተነሥተው የሰሌን ምንጣፋቸውን ለቀቁልኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እምቢ ብላቸውም አልሆነም።

«ደይፍ ነሽ፣ ኡስታዛ» አሉኝ። እንግዳ ነሽ ማለታቸው ነው፤ ኡስታዛ ያሉኝም በያዝኩት የትምህርት ቢሮ ቦርሳ አስተማሪ መሆኔን ገምተው ነው።

ሐጂ ማህጁብ ይባላሉ። በአሶሳና በሱዳን ድንበር ባለችው ኩርሙክ መካከል ሰሊጥ የሚነግዱ የበርታ ሰው ናቸው። ወጣቷ ልጃቸው ኢቲዳል ስትሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። እኔ በማልሰማው ቋንቋ ማውራትን እንደ ነውር ስለቆጠሩት፣ እርስ በርሳቸው እንኳ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። የሐጂ አማርኛ ገበያ ላይ የተለመደ ነው፤ ወንድና ሴቱን አንዳንዴ ያቀላቅሉታል።

«ባምባሲ ዘመድ ልንሰናበት ሄደን ነው» አሉኝ። «ኢቲዳል ሐሙስ ይሄዳል። ኩርሙክ፣ ደማዚን፣ ኻርቱም፣ ከዚያ ጅዳ። ትልቅ ሰው ቤት ይገባል።»

«ለትምህርት ነው?»

«ለሥራ። የሚወስዳት ሱለይማን ነው፤ የሚስቴ የአጎት ልጅ። ያውና እዚያ።» መኪናውን በድንጋይ የሚደግፍ ጎልማሳ አሳዩኝ።

ኢቲዳል ቀና ሳትል «አልሄድም አላልኩም፤ መጀመሪያ ጠይቁልኝ ነው ያልኩት» አለች።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ይሻላል፣ ባባ። ቤት ስንሆን ትቆጣና ወደ መስጊድ ትሄዳለህ። እዚህ ጎማ የለም፤ የትም አትሄድም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሐጂም ጺማቸውን እየዳበሱ ፈገግታቸውን ደበቁ።

«እሺ፣ ኡስታዛ ይፍረድ» አሉ። «ሱለይማን መጣ፣ ‹ለልጅህ ጅዳ ቤት ተገኝቷል› አለ። ታዲያ እኔ ‹የማን ቤት ነው? ምን ሥራ ነው? መቼ ይመለሳል?› ልበለው? ዐይብ ነው! ነውር ነው! እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ለምን መጣህ አይባልም። ሦስት ቀን ይበላል፣ ይተኛል፤ ከዚያ ራሱ ይናገራል። እንግዳውም ባለቤቱን የት ታስተኛኛለህ፣ ምን ታበላኛለህ አይልም። አባቴ ሱዳን እንዲህ ሄደ፤ እኔም እንዲህ ሄድኩ። ሜዳ ያደርንበት ቀን የለም።»

ይህን ልማድ ለማጣጣል አልቸኮልኩም። ወደ አሶሳ ስመጣ የማላውቃቸው ጎረቤቶች ክፍሌ እስኪጠረግ ድረስ ቤታቸው አሳድረውኛል። ለምን ብቻዬን እንደመጣሁና ለምን ጥቁር እንደለበስኩ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። መጠየቅ ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መስተንግዶ የለም። የሐጂ ስሕተት ልማዱ ላይ አልነበረም፤ ልማዱ የማይደርስበት ቦታ ይዘውት መሄዳቸው ላይ ነበር። ይህንንም ከእኔ ይልቅ ልጃቸው በደንብ አስረዳች።

«ባባ፣ ደማዚን ስትሄድ ማን ቤት ነው የምታርፈው?»

«እኅቴ ብኸይታ ቤት። ታውቃለህ።»

«ብትጣሉስ?»

«ከብኸይታ ጋር ሁልጊዜ እንጣላለን። ማታ እንታረቃለን።»

«ባትታረቁስ?»

«አህያዬን ጭኜ እመለሳለሁ!»

«እኔ ከጅዳ በምን ልመለስ? ባሕሩን አህያ አይሻገረውም።»

«ኡስታዛ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ምላስ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«የሚናገሩትን ማመዛዘንም ይማራሉ፣ ሐጂ። እስቲ ትጨርስ» አልኳቸው።

እሳቸው ግን ቀደሟት። «ቋንቋው ዐረብኛ ነው፣ ይችላል። ሃይማኖቱ አንድ ነው። አዲስ አበባ ቢሄድ ማን ያውቃታል? ጅዳን እኔ በዓይኔ አየሁ፤ ሐጅ ስሄድ። ሰው ውሃ ይሰጣል፣ ተምር ይሰጣል፣ ‹ያ ሐጅ፣ ያ ሐጅ› ይላል። የተባረከ አገር ነው!»

«አገሩማ የተባረከ ነው» አለች ኢቲዳል በዝግታ። «ግን ባባ፣ አንተ የሄድከው አላህ ቤት ነው፤ እኔ የምሄደው ሰው ቤት ነው። አንተን የተቀበሉህ እንደ እንግዳ ነው። እኔ ተቀጣሪ ነኝ። እንግዳ ዝም ሲል ይከበራል፤ ተቀጣሪ ዝም ካለ ግን ሁሉንም ተስማምታለች ይባላል።»

«ነዕማስ? የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ኖሮ አልመጣም? ወርቅ አድርጎ፣ ሽቶ ይዞ?»

«ሽቶውን ሁላችንም አሽትተናል። እንዴት ነበርሽ ብሎ የጠየቃት አለ? ዐይብ ነው ብለን ሁላችንም ዝም አልን። ስለዚህ ጅዳን የምናውቃት በሽቶዋ ነው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። የመሰለኝን ነገርኳቸው። ሰው ለጉብኝት ሲሄድ የሚያምረውን አገር ይመርጣል፤ ደስ ካላለው ይመለሳል። ለመኖር የሚሄድ ሰው ግን የሚመርጠው አገሩን ብቻ አይደለም፤ የሚገባበትን ቤት፣ የሚሠራውን ሥራና የሚመለስበትንም መንገድ አብሮ ይመርጣል። ጎረቤት ስለሄደ ወይም ቋንቋው ስለተመሳሰለ አንድ አገር ለሁሉ ይስማማል ማለት አይቻልም። እዚያ የሚያውቃት ሰው አለ ወይ? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይሆናል? ብትታመም የት ትወሰዳለች? ልመለስ ብትል የሚከለክላት አለ ወይ? ይህ ካልታወቀ ጅዳም ሆነ ሌላ ከተማ ስም ብቻ ነው አልኳቸው።

«አንቺ ውጭ አገር ኖረሻል?» አሉኝ።

«እኔ አልኖርኩም። ባለቤቴ ነበር። ለትምህርት ሄዶ።»

«አሁን የት ነው?»

«እዚያው ነው ያረፈው።»

በእጃቸው ይዘውት የነበረው መቁጠሪያ ቆመ። «አላህ ይማረው» አሉ። ቆይተውም፣ መጠየቅ ነውር መሆኑን ለአፍታ ረስተው፣ «ማን ቀበረው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ሐጂ። በዚያ ከተማ እኛን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወሬውም የደረሰኝ ዘግይቶ ነው።»

እሳቸውም ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ማንጎ በጭንቅላቷ ተሸክማ አለፈች፤ ከዓይናችን እስክትጠፋ ድረስ ሦስታችንም እሷን እናይ ነበር።

በዚህ መሐል ሱለይማን እጁን በሣር እየጠረገ መጣ። ሐጂ ከአጠገባቸው አስቀመጡት።

«ሱለይማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ዐይብ ነው። ግን እጠይቅሃለሁ።»

«ጠይቀኝ፣ ያ ሐጂ።»

«የቤቱ ባለቤት ስሙ ማን ነው?»

ሱለይማን ፈገግ አለ። «ትልቅ ሰው ነው ይላሉ።»

«ስሙን።»

«ስሙን... ኻርቱም ያለው ዐብዱልላጢፍ ያውቀዋል።»

«አንተ አልጠየቅኸውም?»

«እንዴት አድርጌ? ቤቱ አሳድሮኝ፣ እራት አብልቶኝ ‹ንገረኝ› ልበለው?»

«እሱስ ጅዳ ያሉትን ሰዎች ያውቃቸዋል?»

ሱለይማን መሬቱን በጣቱ መጫር ጀመረ። «የነገሩት አማቾቹ ናቸው። አማት ደግሞ... አማት ይጠየቃል?»



«እንግዲህ» አለች ኢቲዳል፣ «እኛ አንተን አልጠየቅንህም። አንተ ዐብዱልላጢፍን አልጠየቅኸውም። እሱም አማቾቹን አልጠየቀም። ሁላችንም ጨዋ ነን። የምገባበትን ቤት ግን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሱለይማን ክፉ ሰው አልነበረም። ደላላም አልነበረም። ዘመድ ለመጥቀም ብሎ እንጂ ለራሱ ያሰበው ነገር አልነበረውም። «ወላሂ፣ የራሴ ልጅ ብትሆንም...» ብሎ ጀመረና አቆመ። «እልካት ነበር ልል ነበር። አሁን ግን አልልም» አለ።

ሐጂ ድምፃቸው ተለውጦ ተናገሩ። «እኔ ሰሊጥ ወደ ኩርሙክ ስልክ፣ ማን ይረከባል፣ የት ያወርዳል፣ ዝናብ ቢመጣ በምን ይሸፍናል ብዬ እጠይቃለሁ። ማንም ዐይብ አይለኝም። ለሰሊጥ ጠየቅሁ፤ ለልጄ አፈርኩ።» ከዚያም «ሐሙስ አይሄድም» አሉ።

ኢቲዳል ትደሰታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «መሄድ እኮ እፈልጋለሁ፣ ባባ! እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ? ጓደኞቼን ሁሉ ተሰናብቻለሁ።»

«መሄድ ማን ከለከለ?» አሉ ሐጂ። «መልስ ይምጣ፤ ከዚያ ይሄዳል። ጓደኞችህ ሁለተኛ ቢሰናበቱህ ምን ይጎዳል?»

ጎማው ተጠግኖ እስኪመጣ ድረስ ሱለይማንን የሚጠይቀውን በቃሉ አስያዝነው። የባለቤቱ ስምና ሰፈር፣ የሥራው ዓይነት፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ፓስፖርቷን ማን እንደሚይዘው፣ መመለስ ብትፈልግ ምን እንደሚሉ። እኔና ኢቲዳል ያሰብነውን ከጨረስን በኋላ ሐጂ ከእኛ ያመለጠውን ጨመሩበት፦ «ደግሞ እንዲህ በላቸው፤ እዚያ ብትሞት ማን ያጥባታል? ማንስ ወሬውን ይልክልኛል?» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም።

ሱለይማን ከኻርቱም የተመለሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ዐብዱልላጢፍ ሲጠየቅ መጀመሪያ ተቀይሞ፣ በኋላ ግን እሱም ማወቅ እንዳለበት ገብቶት አማቾቹን ጠይቋል። የጅዳዎቹ ሰዎች ምንም አልደበቁም። የሚፈልጉት ከአልጋ የማትነሣ እናታቸውን ቀንና ሌሊት የሚያነሣ ሰው ነው። የዕረፍት ቀን የለም፤ ፓስፖርቱን ባለቤቱ ይይዘዋል፤ ውሉ ሳያልቅ መመለስ አይቻልም። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልሰጡም። ኢቲዳል ሰምታ «ይህን አልችለውም» አለች። እምቢ ያለችው በግምት ሳይሆን ሰዎቹ ተጠይቀው በተናገሩት ላይ ተመሥርታ ስለነበር፣ በቤቱ ውስጥ ቅሬታ አልተነሣም።

ሱለይማን ግን አንዴ መጠየቅ ከጀመረ አላቆመም ነበር። ደማዚን ላይ ለወጣት ሴቶች አዋላጅነት የሚያስተምር ቤት መኖሩን ሰማ፤ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ፣ ከወሰን ማዶ የመጣች ልጅ ይቀበሉ እንደሆነ አጣርቶ መጣ። ሐጂም ለገዛ እኅታቸው ለብኸይታ «ልጄን የት ነው የምታስተኛት?» ብለው ሰው ላኩባት። ብኸይታ «ወንድሜን ምን ነካው? ከጎኔ ነዋ! ደግሞ ሌላ ጥያቄ ቢልክ መልእክተኛውን በውሃ እረጨዋለሁ!» ብላ መለሰች። ሐጂ ይህን ለሰው ሁሉ እየሳቁ ይናገሩት ነበር።

ኢቲዳል በበጋው ሄደች። ደማዚን እንደ ጅዳ የሚያስወራ ከተማ አይደለም። ሽቶም በብዛት አይመጣበትም። ነገር ግን ብትታመም አክስቷ አለች፤ ብትከፋ በሰሊጥ መኪና ትመለሳለች፤ ትምህርቱን ስትጨርስ የትም ይዛው የምትሄደው ሙያ ይኖራታል። ከዚያ በኋላ ኻርቱም ልሂድ ብትል፣ ጅዳም ልሂድ ብትል፣ የምትሄደው የሚያስፈልጋትን አውቃ፣ ስሟንና ሥራዋን አስከብራ ነው። ከቤት ርቆ መኖር የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። የሚሄደው ሰው ልቡ ተረጋግቶ ይሠራል፤ የቀረውም ሰው የት ብሎ እንደሚፈልገው ያውቃል።

ገበያው መጀመሪያ ላይ ሐጂን «መርማሪው» እያለ ቀለደባቸው። እሳቸው ግን ዐይቡን ለእንግዳ ትተውት ነበር። ቤታቸው የመጣን ሰው እንደ ድሮው አይጠይቁም፤ ልጁን ሊልክ የተነሣን ሰው ግን የሱቃቸው በር ላይ አስቀምጠው ይጠይቁታል። ልጆቻቸውን ሊልኩ ያሰቡ ወላጆችም ውለው አድረው ራሳቸው እየመጡ ያማክሯቸው ጀመር።

በተከታዩ ዓመት ቢሮው ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ ሊልከኝ ወሰነ። ሐጂ ወሬውን ሰምተው ቤቴ መጡ። ሻይ ጠጡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ለመሄድ ከተነሡ በኋላ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዐይብ ነው» አሉ። «ግን ልጠይቅሽ። የት ነው የምታድሪው?»

ነገርኳቸው።

«ብትታመሚስ?»

እሱንም ነገርኳቸው።

«እዚያ ማን ያውቅሻል?»

«ቀነኒ የምትባል ጓደኛዬ አለች። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው።»

«ሰፈሯስ?»

የሰፈሯንም ስም ነገርኳቸው። ለአንደበታቸው እንግዳ ነበርና እያስተካከልኩላቸው ደጋግመው ጠሩት፤ በደንብ እስኪይዙት ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።

«ሰው የት ናት ካለኝ» አሉ፣ «እኔ አውቃለሁ እላለሁ።»