ሰይጣንን የካድኩላት ልጅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ እንኳ ረግቶ አይቀመጥም። ጣሊያን አምበር ከተማ አጠገብ መሽጎ፣ የኔ ባል አለሙ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቶ፣ ውሻ ሲጮኽ ብድግ፣ ኮሽ ሲል ብድግ፣ እንዲህ ነበር ኑሯችን። ታዲያ የሺ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፣ እናት አባት የሌላት። እሷን ወታደሮቹ ውሃ ስትቀዳ ከወንዝ ይዘው ወደ ምሽጋቸው ወሰዷት። እና ስትመለስ አርግዛ ነበር። ወለደችም፣ ቀይ፣ ጸጉሯ ለስላሳ የሆነ ሴት ልጅ።

ታዲያ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ አይደል? ቀኑ ሲቃረብ የክርስትና እናት የሚሆናት ሰው ጠፋ። አንዷ «አሞኛል» ትላለች፣ አንዷ «ባሌ አልፈቀደም» ትላለች። እና የሺ እኔ ደጅ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ልጄ አረመኔ ሆና ትቅር?» አለችኝ።

«እስቲ ልየው» ብዬ ሸኘኋት። አማቴ ሰምተዋል።

«ልጄ ዱር ለዱር እየተንከራተተ አንቺ የጠላት ልጅ ልታቅፊ? አርበኞቹ ባንዳ ናት ብለው ቤታችንን ቢያቃጥሉትስ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። መቀመጥ አቃተኝ፣ ወጣሁ ገባሁ፣ ወጣሁ ገባሁ፣ ኋላ ተነሥቼ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ገብሬ ሄድኩ።

«አባ፣ ጌታ ለጣሊያንም ሞቷል?» አልኳቸው።

«የሞተው ለአዳም ልጆች ሁሉ ነው። ጣሊያን ከአዳም ሌላ አባት አለው?» አሉኝ።

«ወንድምዎን የገደሉት እኮ እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ስጸልይ የይቅርታው ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ግን ልጄ፣ የኔ ምላስ ታሰረ ብዬ የጌታን ሞት ላሳንሰው?»

ተመልሼ ለየሺ እሺ አልኳት። በክርስትናዋ ቀን አቀፍኳት። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በሥላሴ አመንኩላት፣ ዓይኔ ግን ከበሩ አልተነቀለም። አባ ገብሬ አጠመቋት፣ ማተቧንም አሰሩላት። እና ስንወጣ ማንን ላይ? አለሙ ጠመንጃውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆሟል። ወሬው ዱር ድረስ ደርሶ ኖሯል። የሺ ከጀርባዬ ተለጠፈች።

«የማን ልጅ ናት?» አለኝ። ያውቃል እኮ፣ ከአፌ ሊሰማ ነው።

«የኔ የክርስትና ልጅ።»

«አባቷ ጓደኞቼን እየገደለ ነው።»

«አባቷን አላቀፍኩም፣ አለሙ። እሷን ነው።»

ልጅቱን አያት፣ ማተቧን አየ፣ መሬቱን አየ። ይመታኛል ስል፣ «ብርድ ነው፣ ሸፍኛት» ብሎ ወደ ዱሩ ተመለሰ። እኔ ግን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እንቅልፍ በቅጡ አልወሰደኝም፣ ዛሬ መጥቶ ያባርረኛል፣ ነገ ያባርረኛል እያልኩ። አላባረረኝም። ሲመለስ ልጅቱን እዚያው ከየሺ ቤት እኛ ቤት ስትመላለስ አገኛት፣ መጀመሪያ ዓይኑን ያሸሽባት ነበር፣ ውሎ አድሮ አጠገቡ ትበላ ጀመር፣ ኋላም ኩሎ የዳራት እሱ ነው።

«እማማ፣ ታዲያ እርስዎ ጌታ ለጣሊያንም መሞቱን ተቀበሉት?» ትለኛለህ?

ሂሂ፣ አንተ ደግሞ። እኔ ልጅቱን ተቀብያለሁ። ለሌላው ልቤን ገና እየለመንኩት ነው።