የአባዬ ቮልስ በር

አባዬ ካረፈ ወዲህ ካሳንቺስ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው ቮልስ ባትሪ አልበረክትላት አለ። ቅዳሜ ቻርጅ አስደርጌ እገጥማለሁ፤ በሳምንቱ ላስነሳት ስል ድምጿም የለም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያው ነው። በቃ፣ ከስታዲየም አካባቢ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ይዤ መጣሁ። ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ ምንም ሲያጣ፣ "ማነው የሚከፍታት?" አለኝ።

ለካ እማዬ ናት። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጣ የአባዬን ወንበርና መሪ ትወለውላለች። "እስቲ እንደወትሮው ይዝጉት፣ እማማ" አላት። በሩን በመዳፏ ገፋ አድርጋ አስጠጋችው። ግጥም ስላላለ የውስጥ መብራቱ በርቶ ቀረ፤ ከሸራ ስር ደግሞ ማን ያየዋል?

"ቮልስ እኮ በኃይል ካልዘጉት አይገጥምም!" ቢላት፣ ደንግጣ ወደ ቤት ዞር አለች። "ኧረ ይቆጣኛል!"

አባዬ በር ያጮኸበትን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ መንገድ ላይ የሚያወርድ ሰው ነበር። ኤሌክትሪሻኑ በሩን ድው አድርጎ ዘጋው። መብራቱ ጠፋ። እማዬም እኔም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ጠበቅን፤ ከቤት "ቀስ!" የሚል ድምፅ ግን አልመጣም።

በሩን መልሼ ከፈትኩት። "አምፖሏን ንቀልልኝ" አልኩት፤ "እሷ እንደለመደችው ትዝጋ።"