ሲጥ ያለው መኪና

«ሲጥ ካላለ አልጠራም» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ልጅ ሆኜ ያጠብኩትን ሳህን በጣቷ እየፈተገች። ባለፈው ባለቤቴ የወንድሙን ሙሽራ ከኢታንግ የሚያመጣበት መኪና ከሰው ተዋሰ። በማግስቱ ጠዋት በማጠቡ ላግዘው ብዬ የመኪናውን በር ብዳስሰው ያሟልጫል። ቅባት መስሎኝ መኪናውን በሳህን ሳሙና ሲጥ እስኪል አጠብኩት።

ባለቤቴ ወጥቶ ሲያየው ራሱን ያዘ። «ትናንት ስቀባው የዋልኩትን ሰም! የሰው መኪና ላጥሽብኝ እኮ!»

ጎረቤታችን ኦባንግ፣ መካኒኩ፣ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ በሩን ዳበስ አድርጎ ሳቀ። «ቀለሙ ደህና ነው። ሁልጊዜ በሳህን ሳሙና ካጠባችሁት ይደበዝዛል እንጂ ባንድ ቀን ምንም አይሆንም። የሄደው ሰሙ ነው፤ ወርቁ አለ።»

ባለቤቴ ግን ሰሙን እንደገና እየቀባ እስከ ምሳ አጉረመረመብኝ። እኔም የእሱን ሳህን፣ ሰሙ እንዳይለቅ ብዬ፣ በውሃ ብቻ አለቅልቄ ምሳውን አቀረብኩለት።